ልብ ለኪውና የመልካው ዘንግ

አንድ ልብ ለኪ ነበር። ስሙ ይርሳው ይባላል። የሚለካው እህል አይደለም፣ ጨርቅም አይደለም፤ የሰው ትዕግሥት ነው። በዚያ አገር ዳኛ ለመሆን፣ እርቅ ለማውረድ፣ የውሃ አባት ሆኖ የመስኖ ተራ ለማካፈል የታጨ ሁሉ አስቀድሞ ይርሳው ፊት ይቀመጥ ነበር። ንጉሡ "ቁጡ ሰው ወንበር ላይ ከሚወጣ ዝንጀሮ ማሳ ውስጥ ይግባ" ይሉ ስለነበር፣ ይርሳው ያላሳለፈውን ሰው አይሾሙም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ተለኪው ሆን ተብሎ የተወሳሰበ የጥጥ ክር ይሰጠዋል። ውሉን ፈልጎ፣ ሳይበጥስ ፈትቶ መጠቅለል አለበት። ይርሳው ቅል ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ሰውየው ኡፍ ካለ አንድ ጠጠር ቅሉ ውስጥ ጠብ ያደርጋል። ክሩን ከጎተተ፣ ጥርሱን ካፋጨ፣ ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ቀና ብሎ ካየ፣ ሌላ ጠጠር፣ ሌላ ጠጠር። በመጨረሻ ጠጠሩ ይቆጠራል። ከሃያ ካልበለጠ ነጭ ክር በእጁ አንጓ ላይ ይታሰርለታል። ከሃያ ከበለጠ አመድማ ክር ይታሰርበታል። ክሩ ዕድሜ ልክ አይፈታም፤ ቢበሰብስ እንኳ በዚያው ቀለም ይተካል። አመድማ ክር ያሰረ ሰው ለሹመት ቀርቶ ለጎረቤት ጠብ ምስክር ሆኖ እንኳ አይጠራም።

ድጋሚ መለካት የሚባል ነገር ደግሞ በጭራሽ አልነበረም። "ሰው አንዴ ይለካል" ይላሉ፤ እንደገና ልለካ ያለ ሰው ለኪውን እንደሰደበ ይቆጠራል። የሚገርመው፣ አንድ ቁና ጤፍ ሲገዙ ሦስት ጊዜ ካላስሰፈሩ የማያምኑት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ልብ ላይ ሲደርሱ ግን አንዴ በቃቸው።

ይርሳው ስሙ የገነነው በአንድ ቀን ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ታናሽ እህቱ አንጓች ለሰፈሯ እርቅ አውራጅነት ታጭታ ፊቱ ተቀመጠች። በዚያ ቀን አደባባዩ በሰው ሞልቶ ነበር። "ለእህቱማ ማድላቱ መች ይቀራል" እያለ ሁሉም ይንሾካሾካል። ይርሳው ሠላሳ አንድ ጠጠር ቆጠረ። አመድማውንም ክር በገዛ እጁ አሰረባት። ሕዝቡ በአድናቆት አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ "እህቱን ያልማረ ለኪ" ተባለ፤ ስሙ ከተራራ ተራራ ተሻገረ። አንጓች ግን ደጁን ዳግመኛ አልረገጠችም። በበዓል ቀን ማዕዱ ላይ የእሷ ቦታ ባዶ ሲሆን ሆዱ ይባባል። "እውነት ዘመድ የላትም" እያለ ራሱን ያጽናናና ይበላል።

ታዲያ አንድ ጊዜ የቆላው የውሃ አባት ሞተ። ሦስት ወር ሙሉ ተተኪ ጠፋ። በመስኖ ተራ የተነሣ ሁለት ሰው ተፈነካከተ፣ ማሽላውም መድረቅ ጀመረ። በመጨረሻ የቆላው ገበሬዎች አንጓችን ይዘው ንጉሡ ችሎት ቀረቡ።

"ጃንሆይ፣" አለ አንዱ ገበሬ፣ "ስንጣላ የምንሄደው እሷ ደጅ ነው። በጠብ ገብተን በሳቅ እንወጣለን። እሷን ይሹሙልን።"

"እጇ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"አመድማ ክር ነው፣ ጃንሆይ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርጋችሁ?"

አንጓች ወደፊት ራመድ ብላ እጅ ነሳች። "ጃንሆይ፣ እኔ ሹመት አልለምንም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ድጋሚ ልለካ።"

ይርሳው ከባለሟሎቹ መካከል ቆሞ ነበር። በአደባባይ የተሰደበ መሰለው። እህቱ ወደ እሱ ዞረች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ወንድምዓለም፣" አለችው፣ "አጥፍተሃል አላልኩህም። ያን ቀን ያየኸው እኔን ይሁን ቀኑን፣ እሱን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።"

በዚያ ችሎት አባ ልመንህ የሚባሉ የመልካ ጠባቂ ነበሩ። መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ጥልቀቱን በዘንግ እየለኩ "ተሻገር" ወይም "ተመለስ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ሌላ ጉዳይ ሊያስረዱ መጥተው ነው፤ ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም።

"ጃንሆይ፣ እኔ ይችን ዘንግ በቀን አርባ ጊዜ ነው ውሃ ውስጥ የምነክራት። አንዴ ነክሬ ሰው ባሻግር ኖሮ ስንቱን በቀበርኩ! የሰው ልብ ከወንዝ ይቀላል እንዴ?"

ንጉሡ ይርሳውን አዩት። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ይርሳው አንገቱን ቀና አደረገ። "ጃንሆይ፣ ልኬቴ እውነት ከሆነ አሥር ጊዜ ቢደገምም ያው ነው። ይደገም! ከተናጋ ግን ቅሉን ከእጄ ይውሰዱ፤ ስሜም አብሮ ይሂድ።"

የአለካኩን ነገር አባ ልመንህ አሰናዱ። አሥር ሰዎች ተመረጡ፤ አንጓች አንዷ ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት ጋቢ ተከናንበው፣ ፊታቸውንና የእጃቸውን አንጓ ሸፍነው፣ ይርሳው ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ተለኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ያው አሥር ሰዎች ተራቸው ተደበላልቆ እንደገና ተለኩ። ሃያ ቅል ሞላ። ሽማግሌው እያንዳንዱ ቅል ሥር በከሰል ምልክት አደረጉበት፤ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ቅሎች የአንድ ሰው ናቸው። የአንጓች ምልክት ማጭድ እንደሆነ ለይርሳው ነገሩት።

"አሁን ብቻህን ግባና ቁጠር፣" አሉት። "ማንም አይከተልህም። ያየኸውን መጥተህ ለንጉሡ ትነግራለህ።"

"ቢዋሽስ?" አሉ ንጉሡ።

"ለኪው ራሱን ካላመነ፣ ጃንሆይ፣ እኛ ብናምነው ምን ይረባል?"

ይርሳው ዕቃ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። በቀዳዳው የምትገባ የከሰዓት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ልቡ ወደ ማጭዱ ሮጠ። የመጀመሪያውን ባለማጭድ ቅል ገልብጦ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የቆጠረው ያው ሠላሳ አንድ! "አላልኩም!" ብሎ ብቻውን ጮኸ፤ ደስታው እንባ አመጣበት። ሁለተኛውን ባለማጭድ ቅል ገለበጠ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። አሥራ አንድ።

ሌሎቹን ገለባበጣቸው። ኮከብ፣ ስምንትና ሃያ ሰባት። ቀንበር፣ ሠላሳ አምስትና አሥራ ስድስት። መዶሻ ብቻ ሃያ ሁለትና ሃያ አራት ሆኖ ተቀራረበለት። ከአሥሩ ሰዎች ስድስቱ በአንዱ ቀን ነጭ፣ በሌላው ቀን አመድማ ክር የሚታሰርላቸው ሆነው ተገኙ። ያው ሰው፣ ያው ለኪ፣ ያው ክር። መካከላቸው ያለፈው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ይርሳው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሰራቸው እጆች ሁሉ ፊቱ ላይ መጡበት። አገር ጥለው የሄዱ ነበሩ። ክራቸውን በረጅም እጀ ጠባብ እየሸፈኑ የኖሩ ነበሩ። ከአመድማ ክራቸው ጋር የተቀበሩም ነበሩ።

ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ መጣበት። አሥራ አንድ ጠጠር ባለበት ቅል ሃያ ቢጨምርበት ማንም አያውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉ የለ? እህቱም ክሯን ለምዳዋለች። ከወለሉ ጠጠሮቹን አፈሰ፣ እጁን ጨበጠ። የጠጠሩ ብርድ መዳፉ ውስጥ ሲሰማው ግን አንድ የረሳው ነገር ትዝ አለው። ያን ቀን፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንጓች ገና ሳትቀመጥ እሱ ጠጠሩን ጨብጦ ነበር። አደላ እንዳይባል ጆሮውን አቁሞ፣ ትንፋሿን ሁሉ እየለቀመ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የማይሰማውን እስትንፋስ ከእህቱ ላይ ሰምቶ ቆጥሯል። የገዛ ፍርሃቱን ለክቶ እህቱን የለካ መስሎት ኖረ።

እጁን ፈታ። ጠጠሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ወጥቶ ንጉሡ ፊት ተንበረከከና ያየውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

"ጃንሆይ፣ ቅሉ ይኸው። እጄ እንጂ የሰው ልብ አልነበረም የሚናገረው።"

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። "ሃያ ዓመት በጭፍን ስሾምና ስሽር ኖርኩ ማለት ነው? በሉ ቅሉን ሰባብሩት! ከእንግዲህ ልብ የሚባል ነገር አይለካ!"

አንድ ቀልጣፋ ባለሟል ይህን ጊዜ ብልሃት ያገኘ መሰለው። "ጃንሆይ፣ እንግዲያው ትዕግሥትን በክንድ እንለካ። ክንድ ዛሬም ነገም ያው ነው፤ መቶ ሰው ቢለካው አይዋዥቅም።" ባለሟሉ ራሱ ክንዱ ከሁሉ ይረዝም ነበር።

"አለመዋዠቁስ እውነትዎን ነው፣" አሉ አባ ልመንህ። "ትዕግሥት አለመሆኑ ነው እንጂ ችግሩ።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ንጉሡም ቁጣቸው በረድ አለ። ሽማግሌው ቀጠሉ። "ቅሉን አይስበሩት። ዘንግ ስለተወዛወዘ ወንዙ ወለል የለውም አይባልም። እስቲ ወደ መልካው እንውረድ።"

ወረዱ። ወንዙ ደፍርሶ ይጋልባል። አባ ልመንህ ጭረት ያለበትን ዘንጋቸውን መሃል ውሃ ላይ አቆሙ፤ ማዕበሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ንጉሡ አነበቡ፤ ዘጠኝ ጭረት። ይርሳው አነበበ፤ ሰባት። ባለሟሉ አሥራ አንድ አለ። አንጓች ስምንት አለች። ባለሟሉና ይርሳው መጨቃጨቅ ሲጀምሩ ሽማግሌው ዝም አሰኟቸው። ዳሩ ላይ አሸዋውን ደልድለው ከአምስት እስከ አሥራ አንድ መስመር አሰመሩ። አንድ ሰው ባነበበ ቁጥር በቁጥሩ መስመር ላይ አንድ ጠጠር ይቀመጣል። የመጣው ሁሉ አነበበ፤ ገበሬው፣ ዘበኛው፣ ወታደሩ። አርባ ጊዜ ተነበበ።

ይርሳው አሸዋው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። አምስት ላይ አንድ ጠጠር፣ አሥራ አንድ ላይም ሁለት ብቻ አሉ። ወደ መሃል ሲመጣ እየበዛ፣ እየበዛ ሄዶ ስምንት ላይ ቁልል ሆኗል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ከዚያ ሁሉ ሁከትና ጭቅጭቅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮረብታ በራሷ ጊዜ ቆማለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጠር ሲጥል የኖረ ሰው ጠጠር እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አያውቅም ነበር።

"ኑ፣ ይህንም እዩ፣" አሉ ሽማግሌው። ከወንዙ ጎን ጠባብ ጉድጓድ አለ። ከወንዙ ወለል እኩል ጠልቆ ተቆፍሯል፤ ከወንዙ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቦይ ብቻ ነው። ውሃው ይገባል፣ ማዕበሉ ግን አይገባም። ውስጡ ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቷል። አባ ልመንህ ሌላ ተመሳሳይ ዘንግ በቀስታ ከተቱ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። ስምንት።

ንጉሡ ዘውዳቸውን አውልቀው ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረሱ ነበር የሚመስሉት።

"ለወንዝ እንዲህ ያለ ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል፣" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለሰው ልብ ግን፣ ጃንሆይ፣ ጉድጓድ የለንም። ረግቶ የሚያየው ፈጣሪው ብቻ ነው። እኛ ያለን ማዕበሉ ነው። ስለዚህ ደጋግመን፣ በብዙ ዓይን፣ በልዩ ልዩ ቀን ማንበብ ዕዳችን ነው።"

አንጓች እንደገና ተለካች። በዚህ ጊዜ ሰባት ቀን፣ በሦስት ለኪዎች፣ አንዱ የቆጠረውን ለሌላው ሳይነግር። ሃያ አንድ ቅል ወጣ፤ ጠጠሩም ተቆጥሮ በአሸዋ ላይ ተደረደረ። ኮረብታዋ አሥራ አምስት ላይ ቆመች። የአንድ ቀን ሦስት ቅሎች ብቻ ሃያ ስምንት ገደማ ይዘው ከሌሎቹ ርቀው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ለካ ያን ቀን የአንጓች ላም ታማ ኖሯል። አንጓች ከሰማይ የወረደች መልአክ አልነበረችም። በደህና ቀን የምትታገሥ፣ በክፉ ቀን ኡፍ የምትል ደህና ሰው ነበረች። የቆላው ውሃ ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሹመቱም ለእሷ ሆነ።

ይርሳው ቢላ አምጥቶ በፊቷ ተንበረከከ። አመድማውን ክር ሲቆርጠው ከሥሩ ያለው ቆዳ ታየ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ የሕፃን ቆዳ የመሰለ ቀጭን ቀለበት። አውራ ጣቱን አስቀመጠበትና ማንሣት አቃተው።

"ወንድምዓለም፣" አለችው ቀስ ብላ፣ "በዓሉን ሁሉ ያለ እኔ ዋልክ?"

"ያለ አንቺ ዋልኩ።"

"እኔም ያለ አንተ።"

ትልቁ ልብ ለኪ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ። ንጉሡ ቅሉን ከመሬት አንሥተው መልሰው ሰጡት። "መሳሳቱን ደብቆ መኖር ሲችል ያወጣ ለኪ ሁለተኛ ከየት አመጣለሁ?" አሉ። "ብቻህን ግን አትለካም።"

ይርሳው የቀረ ዕድሜውን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ያሰራቸውን ሰዎች ደግሞ ሲለካ ኖረ። የብዙዎቹ ክር ተቆረጠ። አንዳንዱ ደግሞ ሃያ አንድ ጊዜ ተለክቶም አመድማው ጸናበት፤ ያም እውነት ነውና ተቀበለው። የሞቱትን ግን መልሶ የሚለካበት መንገድ አልነበረውም፤ በየመቃብራቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ አገር ክር ማሰር አልቀረም። የሚታሰረው ግን ከዚያ ወዲህ በሚፈታ ቋጠሮ ነው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ሲደገም የሚለዋወጥ ልኬት ገና የሰውየውን ልብ አልነካም፤ የነካው የቀኑን ሙቀት፣ የክሩን ውስብስብነት፣ የለኪውን ፍርሃት ነው። እንደ ክንድ ርዝመት ሁልጊዜ አንድ የሆነ ልኬት እንኳ የፈለግነውን ነገር የማይለካ ሊሆን ይችላል። የሰው ልብ ግን ወለል አለው፤ ደጋግሞ፣ በትሕትና፣ ከሌላው ዓይን ጋር ለሚያነበው ሰው ከማዕበሉ መሃል ቀስ በቀስ ይገለጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

እናንተስ? በአንድ ክፉ ቀን አይታችሁት፣ አንዴ ለክታችሁት፣ ዕድሜ ልኩን አመድማ ክር ያሰራችሁበት ሰው የለም? ካለ፣ ዛሬ እጁ ላይ ያለውን ቋጠሮ እዩት። ይፈታል ወይስ አይፈታም?